ነጩ ፎጣ ላይ ያልዘረገፍኩት

በስቅለት ዕለት፣ ቀን ሰባት ሰዓት ላይ፣ ልጄ ቤዛ ሰግዳ አልነሣ አለች።

የናይሮቢዋ ቤተ ክርስቲያናችን ሞልታ ሰው ግቢውን አጥለቅልቆት ነበር። እኛ ዛፍ ሥር የተነጠፈ ሸራ ላይ ነን፣ ሁላችንም በባዶ እግራችን። ነጠላው ሁሉ አንድ ላይ ዝቅ ሲል ግቢው ጭር ይላል፤ አንድ ላይ ቀና ሲል ደግሞ ትልቅ ሰው እንደሚተነፍሰው ያለ ድምፅ አለው። ረኀቡና ፀሐዩ ተደባልቀው ራሴን አቅልለውኝ፣ ያለሁበትን አገር ልረሳ ምንም አልቀረኝም። ቀና ስል ከጎኔ አንድ ነጠላ መሬት ላይ ቀርቷል።

«ቤዚ፣ ተነሺ እንጂ» አልኳት ቀስ ብዬ።

«እሺ» አለች። አልተነሣችም።

ከኋላችን የነበሩ አንዲት እናት ትከሻዬን ነካ አድርገው «ተያት፣ ተመስጣ ነው። እንዲህ ያለች ልጅ ዛሬ ማን አገኘ?» አሉኝ።

ቤዛ ግንባሯን ከሸራው ሳታነሣ ተናገረች። «እማ፣ ኒኮ ሳዋ። ደህና ነኝ። ግን መሬቱ አይሰማኝም።»

«አይሰማኝም ማለት?»

«እግሬ ሥር። ሸራ ይሁን ድንጋይ ይሁን አላውቅም። ትናንትም ከትምህርት ቤት ስመጣ አንድ እግር ጫማዬ ወልቆ፣ ሰው ከኋላ ጠርቶ ነው የነገረኝ።»

ያን ጊዜ ነው ጾም አለመሆኑ የገባኝ። ከዚያ በፊት ያየሁት ሁሉ፣ ጠዋት ጠዋት ማቅለሽለሿ፣ የከንፈሯ መንጣት፣ ደረጃ ስትወጣ መሀል ላይ ቁጭ ማለቷ፣ ለእኔ ጾም ነበር። ጾም ያደክማል፣ ያነጣል። መሬት ግን አያስረሳም።

ይህን የምጽፈው ሥራ ካቆምኩ በኋላ ነው። ናይሮቢ ፓርክላንድስ ሰፈር የነበረችው፣ የሠራሁባት መድኃኒት ቤት ተሸጣለች። የገዟት ሰዎች ኮምፒውተር አስገብተዋል፣ ደህና ሰዎች ናቸው፤ እኔ ግን ጉልበቴ ቀኑን ሙሉ መቆም እንቢ አለኝ። ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ደብተር አልያዝኩም፤ አጻጻፌ ቢንጋደድ አትፍረዱብኝ። አሁን ከሰዓት በኋላ በረንዳ ላይ ስቀመጥ ያ ሁሉ ዓመት ተራውን እየሳተ ይመጣብኛል። አንዳንዴ የጠርሙሶቹ ብርሃን ይቀድማል፣ አንዳንዴ የማታቱ፣ የናይሮቢው ሚኒባስ፣ ጡሩንባ።

ናይሮቢ የገባሁት በሞያሌ ነው፣ ከባለቤቴ ጋር። መጀመሪያ መሀል ከተማ የሐበሻ ምግብ ቤት ሰሃን አጠብኩ። አሠሪዬ ጋሽ ደምሴ ይባሉ ነበር፤ ድስት ሁሉ ካልቀመሱ የማይወጣላቸው፣ ቀምሰውም «ጨው» ብቻ ብለው የሚሄዱ ሰው። ይጨመር ይሁን ይቀነስ ተናግረው አያውቁም። ባለቤቴ ኢምባካሲ የጭነት መጋዘን ውስጥ ይሠራ ነበር። ቤዛ አራት ዓመት ሲሞላት ታመመ፤ ሕመሙ ቀስ ብሎ የመጣ ነበር፣ እኛም «ድካም ነው» ስንል ከረምን። አረፈ። ከዚያ ወዲህ ድካም የሚባል ቃል ሲጠራ ያስፈራኛል። ግን ፍርሃት ዓይን አያበራም ለካ፤ ሁለተኛ ጊዜም ሲመጣ «ጾም ነው» ብዬ ስም አወጣሁለት።

ፓርክላንድስ የተቀጠርኩት ወለል ለመጥረግ ነው። ደመወዙ ከምግብ ቤቱ ጥቂት ይሻል ነበር፤ የመኖሪያ ወረቀቴም ሲያስጨንቀኝ ሲተወኝ ኖረ፤ ስለ እሱ ይብቃ። የመድኃኒት ቤቷ ባለቤት ማማ ኒላ ትባላለች። ወላጆቿ ከህንድ የመጡ ናቸው፣ እሷ እዚያው ናይሮቢ ተወልዳ ያደገች፣ በስዋሂሊ የምትስቅ በጉጃራቲ የምትቆጣ ሴት። እኔን በልጄ ስም «ማማ ቤዛ» ነበር የምትለኝ። በአራት ሰዓት ገደማ ፀሐይዋ በመስኮት ትገባና ቡናማዎቹ ጠርሙሶች ውስጥ ታልፋለች፤ የጠረግኩት ወለል ማር የፈሰሰበት ይመስላል። እዚያ ማር ላይ መጥረጊያዬን ይዤ የቆምኩባቸው ጠዋቶች፣ እንግዲህ ዕድሜዬ እነሱ ናቸው።

አንድ ቀን ክኒን ስትቆጥር ቆሜ አየኋት። በትንሽ ሳህን ላይ አፍስሳ፣ በጠፍጣፋ ቢላ አምስት አምስት እያደረገች ትገፋለች። በእጇ አትነካም። «ዓይንሽ ምን አየ?» አለችኝ።

«አንዱ የተሰበረ ነው» አልኳት። ከአምስቶቹ መሀል አንዱ ጠርዙ ተሸርፎ ነበር።

መጥረጊያውን ተቀብላኝ ቢላዋን ሰጠችኝ። እንዲህ ነው ባንኮ ኋላ የገባሁት።

ከዚያ ወዲያ ሐበሻ ሲመጣ እኔ እጠራለሁ። ማንበብ ለማይችል ሰው ፓኬቱ ላይ እስላለሁ፤ ፀሐይ ስትወጣ አንድ፣ ፀሐይ ስትጠልቅ አንድ፣ ከምግብ በኋላ ከሆነ ከጎኑ ትንሽ ሰሃን። ማማ ኒላ ሥዕሌን እያየች «ይቺ ፀሐይሽ ጢም አላት» ትለኝ ነበር።

ግን ስለ እሷ ልናገር የፈለግኩት ፎጣውን ነው። ማማ ኒላ ለማንም ሰው «ምን መድኃኒት ትወስዳለህ?» ብላ ጠይቃ አታውቅም። «እንዲህ ብለሽ ከጠየቅሽው ሰው ይዋሻል፣ ሳያውቀው ይዋሻል» ትላለች። ከባንኮው በታች ነጭ ፎጣ አላት። ያንን ታነጥፍና «ከትናንት ጠዋት እስከ ዛሬ ጠዋት አፍህ የገባውን፣ ከምግብ በቀር፣ ሁሉንም አምጣና እዚህ ዘርግፍ። ሜዛኒ» ትላለች። ሜዛኒ ማለት ጠረጴዛ ላይ ማለት ነው። ያላመጣ ሰው ቤቱ ሄዶ ያመጣል።

የእኛ ሰው መጀመሪያ ይቀየም ነበር። አንድ ባለ ሱቅ፣ አቶ ከበደ የሚባሉ፣ ጨጓራዬን ብለው መጡ።

«ሌላ የሚወስዱት ነገር የለም፣ ጋሼ?» አልኳቸው።

«እኔ? እግዜር ይመስገን፣ ምንም።»

«ኪስዎ ውስጥ የሚንኳኳው ምንድን ነው?»

«ይኼማ መድኃኒት አይደለም፤ እህቴ የላከችልኝ ነው።»

ፎጣው ላይ ሲዘረገፍ አራት ዓይነት ሆነ። ሁለቱ አንድ ዓይነት የሕመም ማስታገሻ፣ በሁለት ስም። ማማ ኒላ ብርቱካን ላጠች። ይህም ልማዷ ነው፤ ሰው ሲሳሳት ወዲያው አትናገርም፤ ልጣጩን ሳይቆረጥ እንደ ሪባን አውርዳ ግማሹን ለተሳሳተው ሰው ትሰጣለች፣ ከዚያ ትናገራለች። አቶ ከበደ ብርቱካኑን እየበሉ ጨጓራቸውን ማን እንዳቆሰለው ሰሙ። «ለካ እህቴ ናት» አሉ።

ዚንክ የሚባለውን ነገር ያወቅኩት ኋላ ነው፣ ለሕፃናት ተቅማጥ መሰጠት ሲጀመር። ዘይነባ የምትባል የኢስሊ ሰፈር ነጋዴ፣ የስምንት ወር ልጇን አዝላ መጣች። ልጁ ሦስት ቀን አስቀምጦታል። ማማ ኒላ መጀመሪያ ዓይኑ ጎድጉዷል ወይ፣ ሲያለቅስ እንባው ደርቋል ወይ፣ መጠጣት አቅቶታል ወይ፣ ሰገራው ላይ ደም አለ ወይ ብላ አየች። «ከነዚህ አንዱ ቢኖር እኛ ዘንድ አይቆምም፣ ሆስፒታል ነው» አለችኝ፤ ይህን ለዘይነባ ሁለት ጊዜ አስተረጎመችኝ። አንዱም አልነበረበትም፤ የጨውና የስኳሩን ዱቄት ሰጠች፤ ፓኬቱ ላይ በተጻፈው ልክ ውሃ እንጂ በግምት አይደለም።

ዚንኩን ያሳየሁት እኔ ነኝ። አንዷን ፍሬ ማንኪያ ላይ አደረግኩ። ዘይነባ ዞር ብላ ጡቷን አለበችበት። ሦስታችንም አጎንብሰን እናያለን፤ ፍሬዋ መጀመሪያ ዝም አለች፣ ከዚያ ጠርዟ ፈረሰ፣ ከዚያ ጭጋግ ሆና ወተቱ ውስጥ ጠፋች። እስከ ዛሬ ሳስበው ሕልም ይመስለኛል።

«በቀን አንድ። ስድስት ወር ያልሞላው ቢሆን ግማሽ ነበር» አልኳት። «ከዐሥር እስከ ዐሥራ አራት ቀን። ሁለተኛው ቀን ላይ ቆመለት ብለሽ እንዳትተዪ። ወዲያው ካስመለሰው ሌላ አንድ ስጪው።»

«እትዬ ጥሩ» አለችኝ፣ ስሜ ጥሩነሽ ነው፣ «ዐሥሩንም ዛሬ ብሰጠው ቶሎ አይሽረውም?»

ሳቅኩባት። «የዓመት ዝናብ በአንድ ቀን ቢዘንብ እህሉ ይበቅላል ወይስ ይታጠባል?»

ዘይነባም ሳቀች። ልጁ ዳነ፤ አሁን ኳስ ይጫወታል። ያችን የዝናብ ነገር ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ለስንቱ እናት ተናግሬያታለሁ። ለራሴ አልተናገርኩም።

አሁን ወደ ጥፋቴ ልምጣ።

ቤዛ ዐሥራ ስድስት ዓመት ሲሞላት ፊቷ ብጉር አወጣ፣ ፀጉሯም ማበጠሪያው ላይ መቅረት ጀመረ። መስታወት ፊት ቆማ ታለቅሳለች። መደርደሪያችን ላይ የትልቅ ሰው ዚንክ አለ፣ ሃምሳ ሚሊግራም። ለቆዳ ጥሩ ነው ሲባል ሰምቻለሁ። ገዛሁላት፤ በቀን አንድ። ማማ ኒላን አልጠየቅኳትም። ምኑ ይጠየቃል? ለስምንት ወር ሕፃን የሚሰጥ ነገር ነው።

ቀጥሎ ዱባይ ያለችው እህቴ አልማዝ የፀጉር ክኒን በመንገደኛ ላከች። አላላካችንን ታውቃላችሁ። ኪሎ እንዳይበዛ ካርቶኑ ይጣላል፣ ጠርሙሱ ይጣላል፣ ፍሬው በፌስታል ይቋጠርና በሰው ልብስ መሀል ይመጣል። እኔም ባዶ የማር ብልቃጥ ውስጥ ገለበጥኩት። በቀን ሁለት ብላለች፣ በቀን ሁለት። ሦስተኛው በጾም ወራት ሰው ሁሉ የሚውጠው ቫይታሚን ነው።

ቤዛ ትጾማለች፣ እኔ ሳላስገድዳት። ክኒኖቹን ማለዳ በባዶ ሆዷ ትውጣለች፣ ከዚያ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ምንም የለም። ያቅለሸልሻታል። «አፌ ሳንቲም ሳንቲም ይለኛል» ትላለች። እኔ ደግሞ ጾሙ ከበዳት ብዬ፣ ትበርታ ብዬ፣ ከፍልሰታ ጀምሮ ሃምሳውን ሁለት አደረግኩት። ዚንክ በባዶ ሆድ ያቅለሸልሻል ብዬ ስንት ፓኬት ላይ ሰሃን የሳልኩ ሴት ነኝ። እቤቴ ስገባ ሰሃኑን ረሳሁት። ፍልሰታ አለፈ፣ ገና ደረሰ፣ ሁለቱ እንደ ሁለት ቀሩ።

ሁዳዴ ሲገባ ነጣችብኝ። ክሊኒክ ወሰድኳት፤ ደም አንሷታል አሉ። ሐኪሙ «የምትወስደው መድኃኒት አለ?» አለኝ።

«የለም» አልኩት።

አውቄ አልዋሸሁም፤ ሳላውቀው ነው የዋሸሁት። እኛ ቤት መድኃኒት የታመመ ሰው የሚውጠው ነው። ይኼ ቫይታሚን ነው፣ አክስቷ የላከችላት ነው። የብረት ክኒን ሰጠን፤ እሱንም ከሌሎቹ ጋር ማለዳ አብራ ዋጠች። በወሩ ደሟ ሲታይ ወይ ፍንክች።

ስቅለት ዕለት ከቤተ ክርስቲያኑ አስደግፌ አወጣኋት። የአገሬው ፋሲካ በዚያ ዓመት ከእኛ በፊት አልፎ ስለነበር ከተማው ሥራ ላይ ነው። ማታቱ ውስጥ ራሷን ትከሻዬ ላይ ጣለች። ነጠላችንን እንደለበስን ነን፤ ረዳቱ እንኳን አልጮኸብንም። በመስኮት ሳይ ሰው ይሄዳል፣ ሁሉም መሬቱ ይሰማዋል፤ ያን ያህል ነገር አንድም ሰው አያውቀውም። መንገድ ላይ ቤት ጎራ ብዬ ክኒኖቹን አነሣሁ። ለምን እንዳነሣኋቸው እንጃ፤ እጄ የለመደውን አደረገ። መደርደሪያው ላይ ያለውን ሁሉ ፌስታል ውስጥ ከተትኩ።

መድኃኒት ቤቷ ስንደርስ ማማ ኒላ ቤዛን አይታ ወንበር ሳበች። ጫማዋን አስወልቃ በብዕር ክዳን ጣቷን ነካቻት።

«ይሰማሻል?»

«ምኑ?» አለች ቤዛ።

ማማ ኒላ ነጩን ፎጣ አነጠፈች። እኔ ነኝ የዘረገፍኩት፤ የራሴን ቤት፣ ለመጀመሪያ ጊዜ። ሃምሳው። የማር ብልቃጡ። ቫይታሚኑ። ብረቱ። ብልቃጡን ከፍታ አሸተተች። «ይኼ ምንድን ነው?»

«የፀጉር ነው። ከእህቴ።»

«ካርቶኑስ?»

«መንገደኛ ነው ያመጣው» አልኳት።

«እህትሽ ጋ ደውዪ።»

አልማዝ ራሷም ያንኑ ክኒን ስለምትወስድ ጠርሙሱ እጇ ላይ ነበር። ስልኩን ጮክ አድርገን ባንኮው ላይ አስቀመጥነውና ስለ ፀጉሩ ክኒን አነሣሁላት። «አንቺ፣ በስቅለት ስለ ፀጉር ነው የምትደውዪልኝ?» አለች።

«አልሜ፣ ጀርባው ላይ ያለውን አንብቢልኝ። ዚንክ የሚል አለ?»

ጠርሙሱን ስታዞር ተሰማ። «አለ። ሃያ አምስት ይላል። ምነው?»

ማማ ኒላ ወረቀት ላይ ጻፈች። ሃምሳ ሁለት ጊዜ። ሃያ አምስት ሁለት ጊዜ። ቫይታሚኑ ውስጥ ዐሥራ አምስት። መቶ ስድሳ አምስት። «ለትልቅ ሰው፣ ሐኪም ካላዘዘ፣ ከሁሉም ተደምሮ በቀን ከአርባ ማለፍ የለበትም። ለእሷ ዕድሜ ደግሞ ከዚያም ያንሳል» አለች። «ስንት ወር?»

«ከፍልሰታ ጀምሮ።» በጣቴ ቆጠርኩ። «ስምንት።»

ብርቱካን አነሣች። ልጣጩ መሀል ላይ ተቆረጠባት፤ ሲቆረጥባት ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ግማሹን ሰጠችኝ። ጾሜን መሆኔን ታውቃለች፣ ግን ሰጠችኝ፤ ያዝኩት።

«ማማ ቤዛ፣ ስሚኝ። ዚንክ ሲበዛ ሰውነት መዳብ እንዳይቀበል ያደርጋል። መዳብ ካጣ ደም ያንሳል፣ ብረት ብትጨምሪበትም አይሞላም። እግርም ይደነዝዛል። እርግጠኛ አይደለሁም፤ ደሟን የሚያይ ሐኪም ነው እርግጡን የሚናገር። ይህን ወረቀት ይዘሽ አሁን ሂጂ። እስኪያዩዋት ከነዚህ አንዱን እንዳትውጥ።»

«እኔ ነኝ ያደረግኩት» አልኳት።

«አዎ» አለች። «ፎጣው ላይ ያመጣሽውም አንቺ ነሽ።»

ቤዛ ከወንበሩ ላይ «እማ፣ አታልቅሺ፤ ሰው ያየናል» አለችኝ። ሰው አልነበረም።

ሆስፒታሉ ደሟን ወሰደ። ሐኪሟ ወጣት ሴት ናት፤ ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበበችና «ይህን ያሰላ ማን ነው?» አለች። ውጤቱ እስኪመጣ ያሉትን ቀናት አላስታውስም። በፋሲካ ጾሙን ማን እንዳስፈታኝ አላስታውስም። የማስታውሰው ቤዛ ተኝታ የእግሯን ጣቶች አንድ በአንድ ስይዝና «ይኼስ?» ስላት ነው። «አይ» ትላለች። «ይኼስ?» «አይ።»

መዳቧ በጣም ዝቅ ብሎ ተገኘ። ዚንኩ ቀረ፤ መዳቡን ሐኪሟ በልክ አዘዘችላት፣ እየለካች። «ደሟ ይመለሳል» አለችኝ። «እግሯን ግን ቃል አልገባልሽም። ነርቭ ቀስ ይላል፤ አንዳንዱ ሙሉ በሙሉ አይመለስም።»

ደሟ በሁለተኛው ወር ሞላ፤ ከንፈሯ ቀላ። እግሯ ቆየ። እኔ ሥራ ገባሁ፣ ክኒን ቆጠርኩ፣ አምስት አምስት። ለሚመጣው እናት ሁሉ የራሴን ነገርኩ። የክኒኑን ካርቶን አትጣሉ አልኩ። ካርቶኑ ላይ ያለው ጽሑፍ ከፍሬው እኩል መድኃኒት ነው። ጀርባውን ያላነበባችሁትን ሁለት ነገር ባንድ ላይ አትዋጡ። ብረቱንም፣ አንዳንዱን አንቲባዮቲክም፣ ከዚንክ ጋር ባንድ ጉርሻ አታድርጉት፤ ምን ያህል እንደሚራራቅ ጠይቁ። ሐኪም ሲጠይቃችሁ «ምንም» አትበሉ። አንዳንዱ ይሰማኛል፣ አንዳንዱ «እትዬ ጥሩ ደግሞ ልጇን ካመማት ወዲህ ፈሪ ሆነች» ይላል። ይበል።

የመጨረሻ የሥራ ሳምንቴ ጥቅምት ላይ ዋለ። በፓርክላንድስ መንገድ ዳር ጃካራንዳው አብቦ፣ ሐምራዊ አበባው ወድቆ አስፋልቱን ሸፍኖታል። ሲረግፍ ድምፅ የለውም። ቤዛ ከትምህርት ቤት እኔን ለመውሰድ መጣች፤ ዝናብ አባርቶ ነበር። ማማ ኒላ በሩ ላይ ነጩን ፎጣ አጣጥፋ ሰጠችኝ። «አዲሶቹ ኮምፒውተር አላቸው፤ አንቺ ጠረጴዛ አለሽ» አለችኝ።

ትንሽ እንደሄድን ቤዛ ቆመች። ጫማዋን አወለቀች፣ ካልሲዋንም።

«ምን ሆነሻል፣ ሰው ያየናል» አልኳት። አሁን እኔ ነኝ ያልኩት።

አበባው ላይ ቆመች። አንዱን እግሯን አነሣች፣ አስቀመጠች። ሌላውን አነሣች።

«እማ» አለችኝ፣ «እርጥብ ነው።»

«ምኑ?»

«አበባው። ቀዝቃዛ ነው፣ ያሟልጫል። ከሥሩ ደግሞ ጠጠር አለ።» ትንሽ ተራመደች። «የግራው ትንሿ ጣት ገና ናት። ሌላው ሁሉ ይሰማኛል።»

ፎጣውን እንዳቀፍኩ መንገዱ ዳር ቆምኩ። ማታቱዎች አለፉ። እኔም ጫማዬን አውልቄ ከጎኗ ረገጥኩ፤ እውነቷን ነው፣ እርጥብ ነበር፣ ጠጠርም ነበረው።

ይህን እየጻፍኩ ሳለ ጓዳ ውስጥ ሰሃን ስታጥብ እሰማታለሁ። በባዶ እግሯ ናት። ፎጣው ጠረጴዛችን ላይ ተነጥፏል፤ ምንም የለበትም። ልጄ ድናለች። ደህና ነን።